የታሪክ ሊቃውንት ስለ ጌታችን ምን ይላሉ?



በከፍተኛ ትምህርት ቤት የምንገኝ ወጣቶች ደጋግመን የምንጠየቀው ጥያቄ አለ። «ኢየሱስ የሚባል ሰው በእርግጥ ኖሯልን? ወይስ ተረት ነው?» ይሉናል። መቆጣትም ዝም ማለትም አይበጅም። አጠገባችን ያለው ታናሽ ወንድማችን ዝምታችንን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋልና።

ምርምሩ የጠነከረው በጀርመን አገር ነው። ራይማሩስ የተባለው የሐምቡርግ መምህር ሠውሮት የነበረው ጽሑፍ እርሱ ከሞተ በኋላ፥ ከ1774 እስከ 1778 እ.ኤ.አ. በከፊል ታተመ። በ1835 ስትራውስ የወንጌልን ተአምራት አፈ ታሪክ ናቸው ሲል ጻፈ። በ1906 ግን አልበርት ሽቫይጸር የቀደሙትን ሁሉ መርምሮ፥ እያንዳንዱ ዘመን በኢየሱስ ላይ የራሱን አሳብ እንደ ሣለ አሳየ። መስተዋት አይቶ «አገኘሁት» እንደሚል ሰው ማለት ነው።

ታዲያ ምን ማስረጃ አለ? ክርስቲያን ያልነበረው የሮማ ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በ116 ዓ.ም. ገደማ፥ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመነ መንግሥት በጲላጦስ ትእዛዝ መገደሉን መዝግቧል። አይሁዳዊው ዮሴፍም በ93 ዓ.ም. ገደማ የጌታ ወንድም ያዕቆብ እንዴት እንደ ተወገረ ይተርካል። ዮሴፍ ስለ ጌታችን የጻፈው ሌላው ረዘም ያለ ክፍል ግን የኋላ ክርስቲያኖች ቃል እንደ ተጨመረበት አብዛኞቹ ሊቃውንት ያምናሉ። ስለዚህ በክርክር ላይ ያለ ጥንቃቄ አንጥቀሰው፤ እውነት በደካማ ምርኩዝ አትደገፍም። በ1961 ደግሞ በቂሣርያ የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ተገኝቷል።

ሊቃውንቱ ወንጌልንም በራሳቸው ሚዛን ይመዝናሉ። አንዱ ሚዛን፥ ተከታዮቹን የሚያሳፍር ነገር ተከታዮቹ አይፈጥሩትም የሚል ነው። በዚያ ዘመን መስቀል የወንጀለኛና የባሪያ ሞት ነበር፤ መሲሑን ሊያከብር የሚሻ ሰው ይህን ከልቡ አያመነጭም። በዮሐንስ እጅ መጠመቁም እንዲሁ። አማኝ አለመሆኑን የሚናገረው ባርት ኧርማን እንኳ በ2012 ኢየሱስ በታሪክ መኖሩን የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፏል።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንለይ። መኖሩንና መሰቀሉን ታሪክ ይመሰክራል። ሦስተኛው ቀን ግን ከታሪክ ሚዛን በላይ ነው፤ ታሪክ ሐዋርያት አየነው ብለው መስበካቸውን ይነግረናል፥ ማመን ግን የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ወጣት ጥያቄ አይፈራም፤ ጠያቂውንም አይንቅም። ስለዚህ ከጸሎታችን ጋር ማንበብን አናቋርጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።