«ይገባል» እና «ይሠራል»፦ ለላፕቶፕ ኮምፒዩተር ተጓዳኝ ዕቃ ሲመረጥ ስለሚነሣው የተጣጣሚነት ጥያቄ

የመመረቂያ ጽሑፉን በማዘጋጀት ላይ ያለ ተማሪ የላፕቶፑ ቻርጀር በተበላሸበት ዕለት የሚያደርገው በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። አሮጌውን ቻርጀር ይዞ ወደ መርካቶ ወይም በአቅራቢያው ወዳለ የኮምፒዩተር ሱቅ ይሄዳል፤ ሻጩም ጫፉን ከማሽኑ ቀዳዳ ጋር ሞክሮ «ይገባል፣ ይሠራል» በማለት ይሰጠዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ እነዚህ ሁለት ቃላት የተለያየ ነገር የሚናገሩ መሆናቸው ነው። ተጣጣሚነት በቅርጽ፣ በኤሌክትሪክ መጠን፣ እንዲሁም ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ በሚለዋወጡት መረጃ ሊመዘን ይገባዋል፤ በሱቅ ውስጥ የሚፈተነው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

በቻርጀሩ ጀርባ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ውጤት በሚለው መስመር ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። ቮልቱ ከማሽኑ ጋር መመሳሰል አለበት። 19፣ 19.5 እና 20 ቮልት የተለመዱ ሲሆኑ፣ የግማሽ ቮልት ልዩነት ብዙ ጊዜ ጉዳት ባያስከትልም አምራቹ የጻፈውን መከተል ይመረጣል። አምፔሩ ግን ከተጻፈው እኩል ወይም የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። «አምፔሩ የበዛ ቻርጀር ማሽኑን ያቃጥላል» የሚለው በተማሪዎች ዘንድ የተስፋፋ አስተያየት ስሕተት ነው። አምፔር ቻርጀሩ ሊሰጥ የሚችለውን ጣሪያ እንጂ በግድ የሚገፋውን መጠን አያመለክትም፤ ትልቅ ሮቶ ያለው ቤት ቧንቧው ስለተከፈተ ብቻ ከሚያስፈልገው በላይ ውኃ እንደማይፈስበት ያለ ነው። አደጋው ያለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ላይ ነው። 65 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ፣ ማለትም 19 ቮልት እና 3.42 አምፔር፣ ጫፉ በትክክል የሚገባ ባለ 2.37 አምፔር ቻርጀር ገዛሁ፤ ይህ 45 ዋት ብቻ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲቀመጥ ባትሪው ይሞላ ስለነበር ለሳምንታት ጥርጣሬ አላደረብኝም። የስታቲስቲክስ ትንተና ማካሄድ በጀመርሁበት ሌሊት ግን ቻርጀሩ እጅግ ሞቆ በየጊዜው ራሱን ያጠፋ ነበር፤ ባትሪውም ሳላስተውል እየቀነሰ ሄደ። መብራት በጠፋ ጊዜ ማሽኑ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተዘጋ፣ ያልተቀመጠው የአንድ ሌሊት ሥራም አብሮ ጠፋ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ ጫፉ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ቻርጀር የሚገዛ ሰው ባትሪውን ከግማሽ በታች አውርዶ ወደ ሱቁ ቢሄድና እዚያው ከባድ ሥራ አስጀምሮ የባትሪው መጠን ሲጨምር ለአሥር ደቂቃ ያህል ቢከታተል፣ ጫፍ ከማመሳሰል የበለጠ ማስረጃ ያገኛል።

ቁጥሮቹ ተመሳስለውም ማሽኑ ቻርጀሩን ላያውቀው ይችላል። የዴል እና የኤችፒ በርካታ የቀድሞ ሞዴሎች ውጫዊ ስፋቱ 7.4 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መካከሉ ላይ ቀጭን መርፌ ያለው ጫፍ ይጠቀማሉ፤ በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ናቸው። በዴል ማሽኖች ይህ መርፌ የቻርጀሩን ማንነት የሚያስተላልፍ መስመር ነው። መረጃው ካልደረሰ ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል፤ ነገር ግን ባትሪውን አይሞላም፣ የፕሮሰሰሩንም ፍጥነት ይቀንሳል። ብዙዎች ባትሪው ሞቷል ብለው አዲስ ባትሪ የሚገዙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚላኩ ላፕቶፖችን በሚመለከት ጥያቄው ቀላል ነው። በግቤት መስመሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ፣ የአገራችን 220 ቮልት በዚያ ውስጥ ስለሚገኝ ትራንስፎርመር መግዛት አላስፈላጊ ወጪ ነው። የሚለየው የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ነው። እርሱንም ቢሆን በርካሽ መቀየሪያ ከማለፍ ይልቅ ከቻርጀሩ ተነቅሎ የሚወጣውን ገመድ መሬት ባለው የአገር ውስጥ ገመድ መተካት ይሻላል፤ የመሬት መስመሩ ሲቀር የብረት አካል ያለውን ላፕቶፕ በእጅ ሲነኩ የሚሰማው ንዝረት ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ዩኤስቢ ሲ የተባለው መሰኪያ የቅርጽን ችግር ቢፈታም የቀሩትን ሁለቱን ከዓይን ሰውሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ አዳዲስ ላፕቶፖች በዚህ መሰኪያ የሚሞሉ እንዲሆኑ ስለደነገገ፣ ወደ እኛም የሚመጡት ማሽኖች በአብዛኛው እንዲህ መሆናቸው አይቀርም። ቻርጀሩና ላፕቶፑ በ5፣ 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት ላይ ተነጋግረው ይስማማሉ፤ 5 ቮልት ብቻ የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር አብዛኛውን ላፕቶፕ የማይሞላው ለዚህ ነው። ገመዱም የድርድሩ ተካፋይ ነው። ማንነቱን የሚገልጽ ቺፕ የሌለው ገመድ ከ3 አምፔር በላይ እንዲያልፍበት ስለማይፈቀድ፣ ባለ 100 ዋት ቻርጀር ቢሰካም ማሽኑ የሚያገኘው 60 ዋት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ደረጃ ጣሪያውን ወደ 240 ዋት ከፍ አድርጎታል፤ ለዚያም ተስማሚ ገመድ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ፣ በላፕቶፑ ጎን የሚታይ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ሁሉ ኃይል ይቀበላል ወይም ምስል ወደ ፕሮጀክተር ያስተላልፋል ማለት አይደለም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ቀን ሳይደርስ መሞከር ያሻል።

የማስታወሻ ካርድ በንጽጽር ግልጽ ነው፦ የላፕቶፕ ዲዲአር3 204፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262 እግሮች ስላሏቸውና መቁረጫቸውም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ኤም.2 በሚባለው የመረጃ ማከማቻ ግን የቅርጹ ማሳሳት ይመለሳል፤ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ በአንድ ዓይነት ቀዳዳ ሊገቡ ሲችሉ፣ ማሽኑ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሌላው ተሰክቶም አይታይም።

ምትክ ባትሪ ሲገዛ 10.8 እና 11.1 ቮልት የሚሉት ጽሑፎች ሊያስደነግጡ አይገባም፤ ሁለቱም ሦስት ተከታታይ ሴሎችን ያመለክታሉ፣ ልዩነቱ አምራቹ የአንዱን ሴል ቮልት 3.6 ወይም 3.7 ብሎ በመቁጠሩ ነው። 14.4 ወይም 14.8 የሚለው ግን አራት ሴል በመሆኑ፣ አምራቹ ለዚያ ሞዴል ካልፈቀደ በቀር፣ ቅርጹ ቢገጥምም መወሰድ የለበትም። የዋት ሰዓቱ ቁጥር ከፍ ማለቱ ደግሞ ባትሪው ረዘም ላለ ጊዜ የሚያገለግል መሆኑን እንጂ ጉዳትን አያመለክትም።