መምህሩ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚያስተምረው?

በዚህ የትምህርት ዓመት አንዲት እናት የልጃቸውን ስልክ ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። «ልጄ ሳይንስ የሚከታተልበት የዩቲዩብ መምህር በእንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምረው፤ አሁን በድንገት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነብን። ከንፈሩ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ» አሉን። ከፍተን አየነው፤ እንዳሉት ነው።

መምህሩ ግን ቋንቋ አልቀየረም። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የተናጋሪውን ድምፅ በኮምፒውተር ድምፅ በሌላ ቋንቋ የሚተካ አገልግሎት ለበርካታ የትምህርት ቻናሎች አዳርሷል። እንግሊዝኛው ከሚመለስባቸው ቋንቋዎች አንዱ ፈረንሳይኛ ነው። የልጁ ስልክ እዚሁ ጅቡቲ የተገዛ በመሆኑ በፈረንሳይኛ ተስተካክሎ ነበር፤ መተግበሪያውም ባለቤቱ የሚፈልገው ፈረንሳይኛ ነው ብሎ ገምቷል።

ፈረንሳይኛ ማወቅ ለልጆቻችን ሀብት ነው፤ የከተማችን የሥራ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን «ለገሃር» የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚህ ወደብ ከተነሣው ባቡር ጋር ከመጣው ፈረንሳይኛ ነው። ችግሩ ፈተናው ላይ ነው። የእኛ ተማሪ ሳይንስ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነው። ፈረንሳይኛ «ስፒድ»ንም «ቬሎሲቲ»ንም አብዛኛውን ጊዜ «ቪቴስ» በሚል አንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ የእንግሊዝኛው ፈተና ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ይጠይቃል። ልጁ አጥንቷል፣ ገብቶታልም፤ ጥያቄው ላይ ሲደርስ ግን ይደናገራል።

ስለዚህ ወላጆችም ተማሪዎችም አንድ ነገር እንድትለዩልን እንፈልጋለን። በአንድ ቪዲዮ ላይ ሦስት ቋንቋዎች አሉ፦ የመተግበሪያው የራሱ ጽሑፍ፣ የሚሰማው ድምፅ፣ እንዲሁም ብዙዎቻችን ሰብታይትል የምንለው የግርጌ ጽሑፍ። አንዱን መቀየር ሁልጊዜ ሌላውን አይቀይርም።

ድምፁን ለመመለስ ቪዲዮው እየሄደ ስክሪኑን አንድ ጊዜ ነካ ማድረግ፣ ከላይ በኩል የሚወጣውን የማርሽ ጥርስ የሚመስል ምልክት መጫን ነው። ስልኩ በፈረንሳይኛ ከሆነ «ፒስት ኦዲዮ» የሚለውን ፈልጉ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ «ኦሪጅናል» የሚል የተጻፈበት የመምህሩ የራሱ ድምፅ ነው። ምርጫው ካልታየ ቪዲዮው አንድ ድምፅ ብቻ አለው ማለት ነው። የግርጌ ጽሑፉ እዚያው ማርሹ ውስጥ «ሱ-ቲትር» በሚለው ሥር ይገኛል። በኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው የመተግበሪያውን ቋንቋ ለመቀየር በቀኝ በኩል ከላይ ያለውን የራሱን ምስል ይጫናል፤ ከሚዘረዘሩት ቋንቋዎች መካከል አማርኛም አለ። ፈረንሳይኛ ለማያነቡ ወላጆች ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ ልጃቸው ምን እንደሚያይ ራሳቸው አንብበው ያውቃሉ። ኔትፍሊክስ ያላችሁ ደግሞ ቋንቋው የሚቀመጠው በየፕሮፋይሉ መሆኑን አስታውሱ። የአባት ፕሮፋይል ቢስተካከል የልጁ ባለበት ይቀራል።

አሁን ስለ አማርኛው የግርጌ ጽሑፍ። በኮምፒውተር ላይ ዩቲዩብ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በራሱ ወደ አማርኛ እንዲመልስ ማዘዝ ይቻላል። ጎበዝ ልጆቻችን ይህን ካወቁ ቆይተዋል፤ ከእኛ ቀድመው ነው ያወቁት። ለተረትና ለምግብ አሠራር ይሁን፣ ደግ ነው። ለፊዚክስ ግን እንጠንቀቅ። «ፎርስ» ሲባልም «ኃይል»፣ «ፓወር» ሲባልም «ኃይል» ብሎ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። አንዱ የሚለካው በኒውተን፣ ሌላው በዋት ነው። በደብተር ላይ «ኃይል በኒውተንም በዋትም ይለካል» የሚል ማስታወሻ አግኝተናል፤ ልጁን ልንቆጣው አልቻልንም፤ ያየውን በትክክል ነው የገለበጠው።

ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ አሰምቶናል። እዚያ ተርጓሚው የሰማውን አስቦ ይጽፋል፣ ተዋናዩም ስሜቱን ጨምሮ ይናገራል። የማሽኑ ጽሑፍ በመጀመሪያ የሰማውን ይገምታል፣ ቀጥሎ የገመተውን ይተረጉማል፤ ስሕተቱ ሁለት ጊዜ ይገባል ማለት ነው። የመምህሩ አነጋገር ፈጣን ከሆነ ወይም ከኋላው ሙዚቃ ካለ ይብሳል።

እኛ የምንመክረው ይህን ነው፦ ድምፁ በእንግሊዝኛ፣ የግርጌ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ይሁን። ልጁ እየሰማ ያነባል፤ የቃሉን አጻጻፍ ያያል። ያልገባውን ቃል በደብተሩ ጽፎ ለመምህሩ ወይም ለወላጁ ያምጣ፤ ያኔ በአማርኛ እናወራበታለን። ጽሑፉ «በራስ ሰር የመነጨ» ነው የሚል ምልክት ካለበት ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ሳያስተያይ አይገልብጥ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሁላችንንም ቤት ሲያስቀምጠን፣ ወላጅ አጠገቡ ለአሥር ደቂቃ ቢቀመጥ እንኳ ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛ ባያውቅም «ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

እኚያ እናት ቢሯችን ውስጥ ቆመው ልጃቸው ድምፁን ሲመልስ አዩ። መምህሩ እንግሊዝኛ መናገር ሲጀምር ሳቁና «እንግዲህ የእኔንም ስልክ ወደ አማርኛ አድርግልኝ» አሉት። አደረገላቸው። በዚህ የተቸገራችሁ ካላችሁ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍላችን ክፍት ነው፤ ስልኩንም ልጁንም ይዛችሁ ኑ።