የቡና ላኪው ጥቅምና የደን ነዋሪው ምስክርነት

የአውሮጳ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፥ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት የተለቀመ ቡና በኅብረቱ ገበያ አይሸጥም። እያንዳንዱም ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቍጥር መገለጽ አለበት። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ቢተላለፍም፥ ላኪው ከወዲሁ ሊዘጋጅበት ይገባል።

ደን የሚጠበቀው ግን ለገበያ ብቻ አይደለም። ዛፍ በግንዱና በሥሩ ያከማቸው ካርቦን በተቃጠለ ጊዜ ወደ አየር ወጥቶ ምድርን ያሞቃል፤ ሙቀት የበዛበትም ቡና ምርቱ ይጐዳል።

የደኑን ይዞታ ከሳተላይት ፎቶግራፍ ብቻ መረዳት አይቻልም። ሰፊ ምንጣሮ ከላይ በግልጽ ይታያል፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ለቡና ተከላ ሲባል የሚመነጠረው ለጋ ዛፍ ግን በደንብ አይለይም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በተመዘገበው የከፋ ደን፥ ከአካባቢው ሕዝብ የተቀጠሩ ጠባቂዎች የለውጡን ሥፍራ፥ ቀንና ምክንያት በእጅ ስልክ መዝግበው፥ መዝገባቸው ከሳተላይቱ ምስል ጋር ተመሳክሯል። ምስሉ ለውጡን ያሳያል፤ ምክንያቱን የሚያስረዳው የአገሩ ሰው ነው።

እንግዲህ ላኪው ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሲዋዋል፥ ለመዝጋቢዎቹ የድካማቸውን ዋጋ ይክፈል፤ የመዝገቡም ግልባጭ በማኅበሩ እጅ ይቀመጥ። ማሳው ያልተመዘገበለት ገበሬ ደኑን ጠብቆ ሳለ ገበያውን ያጣል፤ ላኪውም ቡናውን ያጣል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» መባሉ ለዚህ ነው።