ልጅዎ በትምህርት ቤት ሲጋጭ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላላቸው ልጆች ወላጆች

ትምህርት ቤቱ ደውሎ «ልጅዎ ሌላ ልጅ መትቷል፤ መጥተው ይውሰዱት» ሲልዎ መደንገጥና ማፈር ያለ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመታው ባለጌ ስለሆነ አይደለም። በአፉ መናገር ያቃተውን በእጁ እየተናገረ ነው።

ግጭቱ ከምን ይነሳል?

• መናገር ሲያቅተው፦ «ተወኝ» ወይም «አልገባኝም» ማለት የማይችል ልጅ ይገፋል፣ ይነክሳል።
• ድንገተኛ ለውጥና ጫጫታ፦ አዲስ መምህር፣ የምሳ አዳራሽ፣ የአውቶቡስ ሰልፍ።
• ሲያሾፉበት፦ መምህሩ የሚያየው የእሱን ምት ነው፤ ከዚያ በፊት የተደረገበትን ላያይ ይችላል።
• ሕመም፦ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ሐኪም ያሳዩት። የጆሮ ወይም የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊያስቆጣው ይችላል።

በቤት ምን ያድርጉ?

• ልጅዎ የሚናገራቸውን የአማርኛ ቃላት ከነትርጉማቸው ጽፈው ለመምህሩ ይስጡ። «በቃኝ» ሲል የሚረዳው ከሌለ ቀጥሎ የሚመጣው ጩኸት ነው።
• «እረፍት እፈልጋለሁ» የሚልበት አንድ ምልክት ወይም ሥዕል ያለማምዱት። ትምህርት ቤቱም ያንኑ ይጠቀም።
• ከግጭት በኋላ እስኪረጋጋ ይጠብቁ። ከዚያ በአጭር ቃል ያነጋግሩት፤ አይምቱት። መምታት መማታትን ያስተምራል።

ትምህርት ቤቱን ምን ይጠይቁ?

• ከግጭቱ በፊት ምን ሆነ? የት? ማን ነበር?
• አይኢፒ የተባለውን የልጅዎን የግል የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣው ቡድን እንዲሰበሰብ በጽሑፍ ይጠይቁ። የባህሪው መነሻ እንዲጠናና የባህሪ ድጋፍ ዕቅድ እንዲዘጋጅለትም ይጠይቁ።
• አስተርጓሚ ይጠይቁ። ክፍያ የለውም። ታላቅ ወንድሙን ወይም እህቱን አያስተርጉሙ።

ሕጉ ምን ይላል?

• አይዲኢኤ የተባለው የፌዴራል ሕግ ልጅዎን ይጠብቃል። በባህሪው ምክንያት በተከታታይ ከ10 የትምህርት ቀናት በላይ ሊታገድ ከሆነ፣ ውሳኔው በተላለፈ በ10 የትምህርት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቱ ከእርስዎ ጋር ተሰብስቦ ጥፋቱ ከጉዳቱ ወይም ዕቅዱ ባለመፈጸሙ የመጣ መሆኑን መመርመር አለበት።
• ከሆነ፣ ልጁ በአብዛኛው ወደነበረበት ክፍል ይመለሳል። የጦር መሣሪያ፣ አደንዛዥ ዕፅ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ካለ ግን እስከ 45 የትምህርት ቀናት ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል።
• በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ የታገደባቸው ቀናት ከ10 ካለፉ፣ በቀጣዮቹ የእገዳ ቀናትም ትምህርቱ መቀጠል አለበት።
• «ዛሬ ይውሰዱት» በተባሉ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ። እንዲህ ያለው መላክ እንደ እገዳ ሊቆጠር ይችላል።

ከመፈረምዎ በፊት

መምህር ማክበር ጥሩ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ያልገባዎትን በይሉኝታ «እሺ» ብለው አይፈርሙ። በስብሰባው መገኘትዎን ማረጋገጥና በዕቅዱ መስማማት የተለያዩ ናቸው፤ የትኛውን እንደሚፈርሙ ይጠይቁ። «ወረቀቱ ይተርጎምልኝ፤ አንብቤ እመልሳለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ካልተስማሙ፣ ክፍለ ሀገሩ የሚያቀርበውን የሽምግልና አገልግሎት ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላሉ።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን የእርስዎ ዝምታ ልጅዎን ይጎዳል፤ ስለ እሱ የሚናገሩለት እርስዎ ነዎት።