ቪትዝዎ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣ ሲገጥሙ

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የምትመለስ ትንሽ መኪና አምስት ሰው ይዛ፣ ፖርቶመጋላዋ ላይ ሙዝ ጭና፣ የአባያን ዳር ጨርሳ ወደ ሁምቦ ስታቀና ሾፌሩ ዓይኑን የሚጥለው የውሃ ሙቀት መርፌው ላይ ነው። መርፌው መሀል ከሆነ ልቡ ያርፋል። ዘይቱ ግን በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የራሱ መርፌ የለውም። ውሃው 90 ዲግሪ ላይ በሰላም ተቀምጦ ዘይቱ 130 ቢደርስ የሚናገር የለም። የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር፣ ወይም ከሥር ሲያንኳኳ።

የእኛ አገር መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። አባያ ሐይቅ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የዳሞታን ተራራ ተደግፋለች። ወደ ዳውሮ የሚሄድ ሰው ደግሞ የኦሞን ሸለቆ ወርዶ መልሶ መውጣት አለበት። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ሾፌሩም በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እያስጮኸ ይወጣል፤ ሙቀቱን ሊወስድ የሚመጣው አየር ራሱ ቀጭን ነው። ለጊፋታ በዓል ከአዲስ አበባ ቤተሰብ ሞልቶ የሚመጣውም መኪና ያው ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለው ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ያለውን ሞተር ማቆየት ግድ ሆኗል። የዘይት ማቀዝቀዣ ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ ሊረዳ የሚችለው ግን ለሚያስፈልጋት መኪና ብቻ ነው።

መጀመሪያ ይለኩ

ይህን ክፍል ዘልለው ቁልፍ እንዳያነሱ እለምናለሁ። ሙቀት አስቸግሮኛል የሚል ሰው መኪና ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ችግር ነው፦ በጭቃና በነፍሳት የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይዞር ቬንትሌተር፣ ተነቅሎ የተጣለ ቴርሞስታት፣ ወይም ዝቅ ያለ ዘይት። ቴርሞስታት መንቀል በየጋራዡ የተለመደ «መፍትሔ» ሆኗል። ይህ ግን ሞተሩን በጠዋቱ የሶዶ ብርድ ሳይሞቅ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ቶሎ ይበላል። እነዚህን አስተካክለው፣ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ዓይነት ዘይት ሞልተው ሙቀቱ ካልወረደ ብቻ ይቀጥሉ።

የዘይቱን ሙቀት ለማወቅ እውነተኛ መለኪያ ያስፈልጋል። በኮቪድ ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው መሣሪያ ለዚህ አይሆንም፤ የተሠራው ለሰው ገላ ሙቀት ነው። ለኢንዱስትሪ የተሠራው ዓይነት የዘይት ቋቱን ከውጭ ሲለካ ከውስጡ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ቢሆንም ፍንጭ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ዘይቱ ውስጥ የሚገባ ሴንሰር ያለው መለኪያ ነው። ዘይት በደንብ የሚሠራው ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ዳገት ላይ ለጥቂት ደቂቃ 120 ቢነካ አያስደነግጥም። ከ120 በላይ እየወጣ እዚያው የሚቆይ ከሆነ ግን ዘይቱ እየቀጠነና እየተቃጠለ ነው። መኪናዎ ከ110 የማታልፍ ከሆነ ገንዘብዎን ለጥሩ ዘይትና ለጥሩ ፊልትሮ ያውሉት፤ እኔ ማቀዝቀዣ አልገጥምላትም።

ዕቃው

ከአንድ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ለሆነ ሞተር ከ10 እስከ 13 ረድፍ ያለው የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ ይበቃል። ትልቅ መግዛት ብልህነት አይደለም፤ ዘይቱን ከልክ በላይ ያቀዘቅዛል። ሁለተኛው ዕቃ በሞተሩና በፊልትሮው መሀል የሚገባው ማገናኛ ነው። ከፊልትሮው በፊት ዘይቱን በአንድ አፍ ያወጣል፣ በሌላው ይቀበላል። ይህን ማገናኛ ሲገዙ ቴርሞስታት ያለውን ይጠይቁ፤ ዘይቱ 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደውን አብዛኛውን ዘይት የሚይዝ ነው። ለሶዶ ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው እላለሁ። በሐምሌ ጠዋት ከዳሞታ ሥር ተነስቶ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ቴርሞስታት ከሌለው ዘይቱ መቼም አይሞቅለትም። ያልሞቀ ዘይት በውስጡ የሚጠራቀመውን ውሃና ቤንዚን አያተንም፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር እንደ ቅቤ ያለ ነጭ ነገር ያዩ ሰዎች ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቁታል።

የማገናኛው ጥርስ ከመኪናዎ ጋር መግጠም አለበት። ቶዮታ በትንንሽ ሞተሮቹ ላይ የሚጠቀመው ሦስት አራተኛ ኢንች፣ 16 ጥርስ የሚባለውን ነው። ሌሎች መኪኖች ላይ ባለ 20 ሚሊ ሜትር አለ። ሁለቱ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ሁለት ሦስት ዙር እንኳ ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ የድሮውን ፊልትሮ ይዘው ይሂዱ። ሶማሌ ተራም ይሁን ሶዶ፣ ሻጩ ፊት ፊልትሮውን ማገናኛው ላይ በጣትዎ ብቻ ይሞክሩት፤ እስከ መጨረሻው በጣት ካልገባ አይደለም።

ቱቦው ላይ ቁጠባ የለም። የውሃ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል። የቤንዚን ቱቦም ቢሆን አይሆንም። ግማሽ ኢንች የውስጥ ስፋት ያለው፣ ለትኩስ ዘይት የተሠራ፣ ከ120 ዲግሪ በላይ እንደሚችል የተጻፈበት የሃይድሮሊክ ቱቦ ይግዙ። ጫፎቹን በመጭመቂያ ማሽን ያስጨምቋቸው፤ የትራክተርና የግንባታ ማሽን ቱቦ የሚሠሩ ሰዎች ማሽኑ አላቸው። ፋሸታ በውሃ ቱቦ ላይ ይኑር። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የዘይቱ ግፊት 5 ባር እና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ያንን ፋሸታ አይዘውም።

ቦታ መምረጥ

ፓራውልቱን ያውርዱ። ማቀዝቀዣው ከራዲያተሩ ፊት፣ ኤሲ ካላት ከኤሲው ፊት፣ ንፋስ በቀጥታ በሚያገኝበት ይቀመጣል፤ ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉለት፣ የራዲያተሩንም ትንሽ ክፍል ብቻ ይሸፍን። ወደ ታች ማውረድ ቀላል ይመስላል። የገሱባን ወይም የበሌን መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን ጠጠር ከፊት መኪና ጎማ ሥር እንዴት እንደሚወረወር አይጠፋውም። ከፓራውልቱ የታችኛው ጠርዝ ከፍ ያድርጉት፣ ፊቱ ላይም ጠበቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ይሰሩ። የማቀዝቀዣው ሁለት አፎች ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሁኑ። ወደ ታች ከዞሩ አየር ውስጡ ይታፈናል።

ማቀፊያውን ከቀጭን አንጎላሬ ቆርጠው በብሎን ያስሩት፤ ራዲያተሩ አጠገብ ብየዳ አያስጠጉ። አልሙኒየሙ ብረቱን በቀጥታ መንካት የለበትም። ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ እጥፍ አድርጎ በየብሎኑ ሥር ማስገባት ከሚሸጠው ጎማ አያንስም፤ ንዝረቱን ይውጣል።

መፍታትና መግጠም

ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያሙቁት፣ ያጥፉት። መኪናዋን ደልዳላ መሬት ላይ በክሪክ ካነሱ በኋላ በብረት መቆሚያ ያሳርፏት፤ የኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ያድርጉ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ። ዘይቱን ወደ ጄሪካን ያውርዱ። የተቃጠለ ዘይት ለአጥር እንጨት፣ ለምስጥ እየተባለ ይቀባል፤ ጓሮው ውስጥ እንሰትና ቦይና ያለው ሰው ግን መሬቱ ላይ ባያፈሰው እመክራለሁ።

ፊልትሮውን ሲፈቱ አንድ ነገር በዓይንዎ ያረጋግጡ። የፊልትሮው የጎማ ቀለበት አብሮ መውጣቱን። አንዳንድ ጊዜ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጥቁር በጥቁር ስለሆነ አይታይም። በእሱ ላይ ሌላ ኦሪንግ ከተጨመረ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ በሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሬት ላይ ነው። ጣትዎን በፊቱ ዙሪያ ያዙሩ፤ ንጹሕና ለስላሳ ብረት ብቻ ሊሰማዎት ይገባል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ።

የማገናኛውን ኦሪንግ በአዲስ ዘይት ይቀቡ። ማገናኛውን አስገብተው የመሀሉን ብሎን በእጅ ያስጀምሩ፤ አፎቹን ቱቦዎቹ ወደሚሄዱበት ካዞሩ በኋላ ከዕቃው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ በተጻፈው ልክ ያጥብቁ። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ይህን ብሎን ይበጥሰዋል። አዲሱን ፊልትሮ ደግሞ ጎማው እስኪነካ በእጅ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር፤ ቁልፍ አይንካው። ፊልትሮው አሁን ወደ ውጭ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገፍቷል። ከሥር ገብተው ይመልከቱ፦ ከሁሉም ዝቅ ያለው ዕቃ እሱ ከሆነ አጠር ያለ ፊልትሮ ይፈልጉ።

ቱቦዎቹን ሲያስሩ ሁለት ቁልፍ ይያዙ። በአንዱ የማቀዝቀዣውን አንገት ይይዛሉ፣ በሌላው ዳዶውን ያዞራሉ። በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚያጠብቅ ሰው የአልሙኒየሙን አንገት ይጠመዝዘዋል፤ ስንጥቁ ያን ቀን አይታይም፣ ከሳምንት በኋላ ዳገት ላይ ይታያል። ቴፍሎን አይጠቅልሉ። ብጣሹ የዘይቱ መንገድ ውስጥ ገብቶ ይደፍናል። ቱቦው ውስጥ ሲቆረጥ የቀረ የጎማ ፍርፋሪ እንዳይኖርም ከመጨመቁ በፊት በኮምፕሬሰር ያስነፉት።

አሁን ስለ ቱቦው መንገድ ልናገር፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። መጀመሪያ ራሴ ስገጥም አንዱን ቱቦ ከራዲያተሩ ማቀፊያ ብረት ጋር አስጠግቼ፣ ወጥሬ አሳለፍኩት። ለዓይን ያማረ ነበር። ሞተር ግን ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ቱቦው ብረቱን አንድ ወር ሙሉ ሲፍቀው ከረመ። ሁምቦን አልፌ ወደ ሶዶ ስወጣ የዘይት መብራቱ ብልጭ አለ። ወዲያው አጥፍቼ ወረድኩ። ከኮፈኑ ሥር ጭስ፣ ከኋላዬ አስፋልቱ ላይ ረጅም ጥቁር መስመር። መብራቱን አይቼ ግማሽ ኪሎ ሜትር ብጨምር ሞተሩ አብቅቶለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቱቦው ከማንኛውም ብረት ሁለት ጣት ይርቃል፣ ለሞተሩ መወዛወዝ የሚሆን ርዝመት ይተውለታል፣ በብረት ቀዳዳ ማለፍ ካለበት ጎማ ይለብሳል፤ ወደ ጭስ ማውጫው ጨርሶ አይጠጋም።

ዘይት መሙላትና ማስነሳት

በተለመደው ልክ ይሙሉ። ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ እንደ ስፋታቸው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ ይወስዳሉ፤ እሱን አጠገብዎ ያዘጋጁ። ወዲያው አያስነሱ። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩን በሞተሪኖ ብቻ አሥር ሰከንድ ያዙሩ፣ ያሳርፉ፣ ይድገሙ። የዘይት መብራቱ ሲጠፋ ፊውዙን ይመልሱና ያስነሱ። አንድ ሰው መሪው ላይ ይቀመጥ፣ እርስዎ በባትሪ መብራት ሥሩን ይመልከቱ። ጠብታ ካዩ ያስጠፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቴርሞስታቱ ስላልተከፈተ ማቀዝቀዣው ገና ባዶ ሊሆን ይችላል። ዘይቱን ለክቶ «ሙሉ ነው» ብሎ ወደ ረጅም መንገድ የሚወጣ ሰው፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ግማሽ ሊትር ይጎድልበታል። ስለዚህ እዚያው ከተማ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ነድተው፣ መለኪያው 90 ሲያልፍ የማቀዝቀዣውን ቱቦ በጥንቃቄ ጠጋ ብለው ሙቀቱን ይመልከቱ፤ ቱቦው ሞቆ ከሆነ ተከፍቷል። አጥፍተው አምስት ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለኩ፣ ይጨምሩ።

ሙከራውን መጀመሪያ በለኩበት መንገድ፣ በዚያው ጭነትና በዚያው ሰዓት ያድርጉት። እኔ ለዚህ የምመርጠው ቀትር ላይ ወደ አባያ ወርዶ መመለስ ነው። ቆላው ላይ አንድ ቁጥር ይጻፉ፣ ሁምቦ ላይ አንድ፣ ሶዶ መግቢያ አንድ። 125 ይል የነበረው 105 ካለ ሥራው ተሳክቷል። ሜዳ ላይ ከ80 በታች የሚወርድ ከሆነ ቴርሞስታቱ አይሠራም ወይም ማቀዝቀዣው በዝቷል፤ በዝናብ ወቅት ከፊቱ ግማሹን በላሜራ መሸፈን ለጊዜው ይረዳል።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እያንዳንዱን ማሰሪያ በሁለት ቁልፍ ይፈትሹ። ማታ ሲያቆሙ ከሥሯ ካርቶን ያንጥፉ፣ ጠዋት አንስተው የዘይት ጠብታ እንዳለበት ይዩት። በየዘይት ቅያሪው ወንፊቱን ያውጡና ጭቃውን ዝቅ ባለ ግፊት ውሃ ከኋላ ወደ ፊት ያጠቡ፤ በመኪና አጣቢዎች ማሽን በቅርብ ከተመታ ቀጭኑ የአልሙኒየም ክንፍ ይተኛል። ለማገናኛው የሚሆን አንድ ትርፍ ኦሪንግና አንድ ሊትር ዘይት ሁልጊዜ መኪናዋ ውስጥ ይኑር።