ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ

በሱዳን ምዕራብ ዳርፉር የሚባል አገር አለ። ቅድስት ባኪታ በዚያ፥ ኦልጎሳ በምትባል መንደር፥ በ1869 ዓመት ገደማ ተወለደች። በዚህ ምንባብ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። አባቷ የመንደሩ ሹም ወንድም ነበረ፤ ብዙ ወንድሞችና እኅቶችም ነበሯት። ታላቅ እኅቷን ግን ባሪያ ፈንጋዮች ቀድመው ወስደዋት ነበር።

ባኪታ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት አንድ ቀን ከባልንጀራዋ ጋር ከመንደሩ ራቅ ብላ ስትሄድ የማታውቃቸው ሁለት ሰዎች መጡ። ባልንጀራዋን ወደ ፊት እንድትቀድም አድርገው፥ እርሷን ከዱሩ ውስጥ ጥቅል ዕቃ እንድታመጣላቸው ላኳት። ልጅቱም ታላላቆችን መታዘዝ የለመደች ነበረችና ሄደች። ከዛፎቹ መካከል በገባች ጊዜ ያዟት፤ ካራም መዝዘው እንዳትጮኽ አስፈራሯት። ስሟን ሲጠይቋት ከድንጋጤ ብዛት አፏ ተያዘ። ስለዚህ እነርሱው ባኪታ ብለው ጠሯት፤ ይህም በዐረብኛ «ዕድለኛ» ማለት ነው። ከእናቷ ለሰረቋት ልጅ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ከስርቆቱ የማያንስ ግፍ ነበረ። በኋላም እናቷ የምትጠራበትን ስም ፈጽማ ረሳችው።

ከዚያ ወዲያ ከገበያ ወደ ገበያ፥ ከጌታ ወደ ጌታ ተሸጠች። በአንድ የቱርክ ጦር አለቃ ቤት ሳለች ጅራፍ ያላረፈባት ቀን ጥቂት ነበረ። ጌጥ ነው ብለውም ሰውነቷን 114 ጊዜ በምላጭ በጡት፤ ቍስሉም ምልክቱ እንዳይጠፋ ጨው ሞሉበት። ያ ጠባሳ እስከ ሞቷ ቀን አልለቀቃትም።

በ1883 ካሊስቶ ሌኛኒ የሚባል የኢጣልያ ቆንስል በካርቱም ገዛት። በእርሱ ቤት ጅራፍ አልነበረም። እርሱም ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟት ሄደ፤ ኢጣልያም በደረሱ ጊዜ ሚኪዬሊ ለሚባሉ ወዳጆቹ ሰጣት። ለእነዚህ ሰዎች ሚሚና የምትባል ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ባኪታም ሞግዚቷ ሆነች፥ እንደ ገዛ ልጇም ወደደቻት።

በ1888 እመቤቲቱ ባሏ ወዳለበት ወደ ሱዋኪን ስትሄድ፥ ባኪታንና ሚሚናን በቬኒስ ከተማ በካኖሳ ደናግል ቤት አስቀመጠቻቸው። ባኪታ ገና በመንደሯ ሳለች ፀሓይንና ጨረቃን ከዋክብትንም እያየች፥ የነዚህ ጌታ ማን ይሆን እያለች ታስብ ነበር። አሁን ደናግሉ ያ ጌታ ማን እንደ ሆነ አስተማሯት። ብዙ ጌቶች የገረፏት ይህች ልጅ፥ ይህ ጌታ ራሱ ስለ ሰው ተገርፎ እንደ ነበረ ሰማች።

እመቤቲቱ ተመልሳ ሁለቱንም ልትወስድ በመጣች ጊዜ ባኪታ አልሄድም አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ያዘዟትን ሁሉ ስትፈጽም የኖረች ናት፤ ሴትዮዋም ክፉ አልነበረችም። ደግሞም መቅረት ማለት ከሚሚና መለየት ማለት ነበረ፤ ከሁሉ የከበዳትም ይህ ነው። እመቤቲቱ ተቈጣች፥ የኔ ናት ብላም ተከራከረች። ነገሩ ለቬኒስ ፓትርያርክ ለካርዲናል አጎስቲኒና ለንጉሡ ዐቃቤ ሕግ ደረሰ። ኅዳር ላይ፥ በ1889፥ የኢጣልያ ሕግ ባርነትን ስለማያውቅ ባኪታ ነጻ መሆኗ ተነገረ። እርሷም ከደናግሉ ጋር መቅረትን መረጠች።

በጥር 9 ቀን 1890 ተጠመቀች። ከተሰጧት ስሞች አንዱ ፎርቱናታ ነበረ፤ ይህም ባኪታ የሚለው ስም በላቲን ሲተረጐም ነው። ፈንጋዮቹ ያወጡላትን ስም አልጣለችውም። በ1896 መሐላ ገብታ ከካኖሳ ደናግል አንዲቱ ሆነች። ከ1902 ጀምሮ በስኪዮ ከተማ ኖረች፤ ወጥ ሠራች፥ ልብስ ሰፋች፥ ጥልፍ ጠለፈች፥ በኋላም በረኛ ሆነች። ለትምህርት የሚመጡትን ሕፃናት በበሩ ቆማ እጇን በራሳቸው ላይ እያኖረች ትቀበላቸው ነበር። የሰረቋትንና የገረፏትን ሰዎች ባገኛቸው ተንበርክኬ እጃቸውን እስም ነበር ትል ነበር።

በመጨረሻ ደዌዋ ጊዜ ግን ያ ዘመን ተመለሰባት፤ አስታማሚዋን ሰንሰለቱ ከብዷልና አላላልኝ እያለች ትለምናት ነበር። በየካቲት 8 ቀን 1947 ዐረፈች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2000 ዓመት ቅድስት ብለው አወጁላት። እናቷ ያወጣችላት ስም እስከ ዛሬ አልታወቀም።