ዶማ የነካውን ድንች ማዳን

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ድንች ሲቆፈር ቀድሞ የሚበላሸው ዶማ የቆረጠው ነው። ገበያ አይወጣ፤ ከደህናው ጋር ካስቀመጡት ደግሞ ሌላውንም ይዞ ይበሰብሳል። የሚድነው ተከትፎ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ለሴት አርሶ አደሮች የድንች ማድረቅ ሥልጠና ሲያዘጋጁ ያማረውን ድንች አያስመጡ፤ እያንዳንዷ ያን የተቆረጠውን 5 ኪሎ ያህል ይዛ ትምጣ።

ጊዜው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይሁን፤ የገበያ ቀን ግን አይሁን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትም አይጥሯቸው። ላም ሳትታለብ፣ በረት ሳይጠረግ፣ ውርጩ ሳይነሣ ማን ይመጣል?

«ቋንጣ እንዴት ታደርቃላችሁ?» ብለው ይጀምሩ። የትምህርቱን ግማሽ እነሱው ይሰጡልዎታል። አዲሱ ነገር የፈላ ውኃው ነው።

አረንጓዴ የሆነውን ድንች ይጣሉ፤ መርዙ ቢቀቀልም አይጠፋም። የቆሰለውን ከነዙሪያው ቆርጠው ያውጡ። ልጠው፣ አጥበው፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይክተፉት። እኩል ካልሆነ ስሱ ሲደርቅ ወፍራሙ ይሻግታል። እንዳይጠቁርም ውኃ ውስጥ ይቆይ።

ከዚያ የሚፈላ ውኃ ውስጥ ይጨምሩት። ቆላ ቢሆን 5 ደቂቃ በበቃው፤ ደብረ ብርሃን ግን ከፍታዋ 2800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃው የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። 7 ደቂቃ ይስጡት። ሰዓት የሌላት አንዱን አውጥታ ትጠፈው፤ ሳይሰበር ከታጠፈ፣ መሐሉ ግን ገና ጠንከር ካለ ደርሷል። ወዲያው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክረው ያጠንፍፉት።

የሚሰጣው ቆጥ ላይ ነው፤ መሬት ላይ ዶሮውም አቧራውም አለ። ስስ ሻሽ ያልብሱት፣ ሲመሽ ቤት ያስገቡት። ሥልጠናው አንኮበር ላይ ከሆነ ጉሙ ከገደሉ ሥር መቼ እንደሚወጣ አይታወቅምና አንዷ በተራ ሰማይ ትጠብቅ።

ብዙ ሥልጠና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ፎቶ ተነሥቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ ድንቹ ቆጥ ላይ እንዳለ ሁሉም ወደ ቤቱ። በአራተኛው ቀን ይመለሱ። ቀጭ ብሎ የሚሰበረው ደርቋል፤ የሚተጣጠፈው ወደ ፀሐይ ይመለስ። ሚዛን ይዘው ይምጡ፤ ከተላጠ 10 ኪሎ ወደ 2 ኪሎ ሲቀር ባይናቸው ይዩት፣ አለዚያ «የቀረው ወዴት ሄደ?» መባሉ አይቀርም። የደረቀውን ክዳኑ የሚገጥም ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርገው ለሳምንት በየቀኑ ይመልከቱት። ግድግዳው ካላበው እንደገና ይሰጣ።

ከመለያየታችሁ በፊት ጥቂት እፍኝ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፋችሁ አልጫ ሥሩበት። ባሎቹም ይጠሩና ይቅመሱ፤ ለከርሞ ቆጡን የሚያቆሙት እነሱ ናቸው።